ካሎ (የቦረና የጥጃ ግጦሽ)

ካሎ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የሚኖሩ የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደሮች በዝናብ ወቅት ከከብት ዘግተው ሣሩን የሚያሳድጉበት፣ በበጋ ደግሞ ለጥጆች፣ ለሚታለቡ ላሞችና አቅም ላነሳቸው ከብቶች የሚከፍቱት የታጠረ የግጦሽ መሬት ነው። ቃሉ የኦሮምኛ ነው። በአሬሮ፣ በያቤሎ፣ በድሬ፣ በሞያሌና በነጌሌ ቦረና ዙሪያ ባለው የሊበን ሜዳ በስፋት ይታወቃል። ስፋቱ ከጥቂት ሄክታር እስከ መቶዎች ሄክታር ይለያያል፤ አንድ መንደር ብቻውን ሊይዘው ወይም ብዙ መንደሮች ሊጋሩት ይችላሉ።

መሬትን በእሾህ ማጠር ብቻውን ካሎ አይሆንም። መቼ እንደሚዘጋ፣ ምን እንደሚነቀል፣ ምን እንደሚቆረጥ፣ ማን እንደሚከፍተውና የማን ከብት እንደሚገባ የሚወስን ሥርዓት ከሌለ ክልሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግራር ቁጥቋጦ ይሞላና ለጥጃ ማለፊያ እንኳን ያጣል።

አካባቢውና ወቅቶቹ

የቦረና አምባ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 እስከ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ዓመታዊው ዝናብ በአብዛኛው ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሁለት ተከፍሎ ይመጣል። ዋናው «ገና» ይባላል። ከታኅሣሥ 29 በዓል ጋር ያለው የስም መገጣጠም ብቻ ነው፤ ይህ ገና ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንብ ሲሆን ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላዩን ይሰጣል። ሁለተኛው «ሃገያ» ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ይዘንባል። በሁለቱ መካከል ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ወቅት «አዶሌሳ» ይባላል፤ ሰማዩ ደመናማ አየሩም ቀዝቃዛ ቢሆንም ዝናብ የለውም። ለደጋ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ጎጃምና ሸዋ በክረምት ዝናብ ሲረሰርሱ አሬሮ ላይ አቧራ ይነሣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ረጅሙ በጋ «ቦና» ነው፤ ካሎ በዋናነት የሚጠበቀው ለዚህ ወቅት ነው።

አሬሮ በቀድሞው የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረ ሲሆን በዙሪያው ካለው ደረቅ ቆላ ለየት የሚያደርገው የሐበሻ ጥድ ደን አለው። ይህ ደን ከታች ስለ እሳት በሚነገረው ጉዳይ ውስጥ ይመለሳል።

ለምን ለጥጃ?

የቦረና ከብት መንጋ በተለምዶ ለሁለት ይከፈላል። «ፎራ» የሚባለው ደረቅ ላሞችን፣ በሬዎችንና ወይፈኖችን የያዘ ሲሆን ከወጣቶች ጋር ሩቅ ግጦሽ ፍለጋ ይሄዳል። «ወራ» የሚባለው ደግሞ የሚታለቡ ላሞችና ጥጆቻቸው ያሉበት ነው፤ ከመንደር አይርቅም። የቤተሰቡ ምግብ የተመሠረተው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በመንደር ዙሪያ ያለው ሣር ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። በበጋ ትልቅ ከብት ውኃ የሚጠጣው በየቀኑ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ ገደማ ሆኖ ከግጦሽ ወደ ኤላ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የጥቂት ወራት ጥጃ ይህን መንገድ አይችልም። ስለዚህ ሣሩ ወደ ጥጃው መቅረብ አለበት። የላሚቱም ወተት ለሰውና ለጥጃ የሚከፈል ስለሆነ በበጋ ቤተሰቡ ለልጆቹ የሚያልበው እያንዳንዱ ኩባያ ከጥጃው ጉሮሮ የሚቀነስ ነው። በቂ ሣር የሚያገኝ ጥጃ ከወተት ጥገኝነት ቶሎ ይላቀቃል፤ ካላገኘ ግን ወይ ጥጃው ይሞታል ወይ ልጆቹ ይራባሉ። የካሎን ጉዳይ ከሣር ጉዳይ በላይ የሚያደርገው ይህ ስሌት ነው።

ጥጃ መመገብና ማጠጣት በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። በቂ ካሎ በሌለበት ሴቶች ሣር አጭደው በጀርባቸው ያመጣሉ፤ በዚህም ምክንያት በካሎ ላይ የሚሰጡት አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከሽማግሌዎች የበለጠ ዝርዝር ነው፤ የትኛው ጥግ ምን ዓይነት ሣር እንዳለው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

አጥር፣ ጥበቃና መክፈቻ

አጥሩ የሚሠራው ከተቆረጠ የግራር ቅርንጫፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ አጋጣሚ አለ፤ ከክልሉ ውስጥ መወገድ ያለበት ቁጥቋጦ ለአጥሩ የሚያስፈልገው እሾህ ራሱ ነው። ሆኖም ደረቅ እሾህን ምስጥ ስለሚበላው አጥሩ በየዓመቱ መታደስ አለበት። እድሳቱ የሚሠራው በበጋው መጨረሻ፣ የገና ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነው። አጥሩ ሳይጠገን ዝናብ ከቀደመ ከብት ገብቶ ለጋውን ቡቃያ ይጨርሰዋል።

አስተዳደሩ በቦረና ማኅበራዊ መዋቅር ላይ የተመሠረተ ነው። መንደሩ «ኦላ» ሲባል መሪው «አባ ኦላ» ነው። በርከት ያሉ መንደሮች «ሬራ» ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ ሰፊው የግጦሽ ግዛት «ዴዳ» አለ። ቦረና በባህላዊ አከፋፈል አምስት ዴዳዎች አሉት፤ ድሬ፣ ጎልቦ፣ ጎሞሌ፣ ማልቤና ዋያማ። አዲስ ካሎ ማጠር፣ ያለውን ማስፋት ወይም ማፍረስ በሽማግሌዎች ጉባኤ ይወሰናል፤ ያለ ጊዜው ከብት ያስገባ ሰው ይቀጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ የግጦሽና የውኃ ሕጎችን ጭምር ያያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የሠፈረው የገዳ ሥርዓት አካል ነው።

መክፈቻው በአንድ ቀን ሁሉንም ማስገባት አይደለም። በደንብ የሚተዳደር ካሎ በውስጡ ተከፋፍሎ በየተራ ይበላል፤ መጀመሪያ ታናናሾቹ ጥጆች፣ ከዚያ ላሞቹ። በሬ የሚገባው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

በገና ዝናብ ወቅት የሚደረግ እንክብካቤ

በካሎ ውስጥ የሚፈለጉት ቋሚ ሣሮች ናቸው፤ ማለትም በበጋ ላያቸው ደርቆ ሥራቸው በሕይወት የሚቆይ። በቦረና ዘንድ ከታወቁት መካከል «መታ ጉዴሳ» (ሴንክረስ ሲሊያሪስ)፣ «አላሎ» (ክራይሶፖጎን አውቸሪ) እና በደጋም ሰው የሚያውቀው ሰርዶ ይገኛሉ። «ኦጎንዶ» (ፔኒሴተም መዚያነም) በጥቁር አፈር ላይ የሚበቅል ሲሆን ሲያረጅ ግንዱ ስለሚጠነክር ከብት ያን ያህል አይወደውም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሣሩ የሚያወጣው ቅጠል ከፀሐይ ባገኘው ምግብ የተሠራ ሳይሆን በሥሩና በግንዱ ሥር ካከማቸው ስንቅ ነው። ቅጠሉ በቂ እስኪሆን ድረስ ሣሩ ከቁጠባው እየበላ ነው ማለት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ከብት ከጋጠው ስንቁን እንደገና ያወጣል፤ ደግሞ ከተጋጠ ሥሩ እያጠረ ይሄድና በሚቀጥለው በጋ ይሞታል። በሞተበት ቦታ የሚተካው አንድ ዝናብ ብቻ የሚኖር ዓመታዊ ሣርና አረም ነው። ካሎው ዝናቡ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት የሚዘጋው ለዚህ ነው።

የነቀላ ሥራም የሚቀለው በዚሁ ወቅት ነው። አፈሩ ሲረጥብ አረሙ ከነሥሩ ይወጣል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዓመታዊ አረሞች አብበው ዘር ከመጣላቸው በፊት መነቀል አለባቸው፤ ዘር ከጣሉ በኋላ መንቀል ማጽዳት ይመስላል እንጂ መዝራት ነው። እምቧይና ቶብያ ከብት የማይበላቸው ስለሆኑ በተጋጠ መሬት ላይ በቀላሉ ይበዛሉ፤ ብዛታቸው መሬቱ ከአቅሙ በላይ መጋጡን ጠቋሚ ነው።

ከአረሙ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ጣት የማታህል የግራር ችግኝ ናት። በመጀመሪያው ዝናቧ በእጅ ትነቀላለች። በሁለተኛው ዓመት ሥሯ ወደ ታች ስለሚረዝም ዶማ ያስፈልጋል። በአምስተኛው ዓመት መጥረቢያም አይበቃትም። ችግኟ ከየት መጣች ለሚለው አንዱ መልስ ከብቱ ራሱ ነው፤ «ደዳቻ» የሚባለውን ግራር (አካሺያ ቶርቲሊስ) ፍሬ የበላ ከብት ዘሩን ሳይፈጭ በእበቱ ያወጣዋል፤ በሆድ ውስጥ ያለፈ ዘር ደግሞ ቅርፊቱ ስለሚለሰልስ በቀላሉ ይበቅላል። ስለዚህ ፍሬ ሲበላ የሰነበተ መንጋ በቀጥታ ወደ ካሎ ከገባ ለባለቤቱ ሳይታወቅ ግራር እየዘራ ነው።

የቁጥቋጦ መስፋፋት

በቦረና አርብቶ አደሮችና በተመራማሪዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ዋነኛ የግጦሽ ችግር ሆኖ የሚነሣው የቁጥቋጦ መስፋፋት ነው። ዛፎቹ መጤ አይደሉም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ያገሩ ተወላጆች ናቸው። አረም ያደረጋቸው ብዛታቸው ነው። በጥቁር አፈር ላይ «ፉሌንሳ» (አካሺያ ድሬፓኖሎቢየም) ይበዛል፤ ይህ ግራር በእሾሁ ሥር ባሉ ባዶ እብጠቶች ውስጥ ጉንዳን ያኖራል፤ ነፋስ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ያፏጫል። «ሰጳንሳ» (አካሺያ ሜሊፌራ) ቆልመም ያለ እሾህ ያለው ሲሆን ሲጠጋጋ ጥጃም እረኛም የማያሳልፍ ጥሻ ይሆናል። «ሃሎ» (አካሺያ ቡሴይ) እና የከርቤ ዘመድ የሆኑት ኮሚፎራዎችም በዝርዝሩ አሉ።

ሣርና ዛፍ በአንድ መሬት ላይ ለውኃ ይሻማሉ። ጥቅጥቅ ያለ ሣር የላይኛውን እርጥበት ቶሎ ስለሚወስድ ለግራር ችግኝ ብዙ አያስተርፍም፤ ሣሩ በግጦሽ ሲሳሳ ግን ውኃው ለችግኙ ይተርፋል፤ ወደ ታች ሰርጎም የትልልቆቹን ሥር ያጠጣል። ቁጥቋጦው ሲያድግ ሣሩን ይጋርደዋል፤ ከብቱ ወደቀረው ጥቂት ሣር ይሰበሰባል፤ ያም ይሳሳል። በዚህ ላይ በአካባቢው ቀደም ሲል ለዝናብ ወቅት ብቻ ያገለግሉ የነበሩ ግጦሾች ኩሬ ሲቆፈርባቸው ዓመቱን ሙሉ የሚጋጡ ሆኑ፤ ሰውም በአንድ ቦታ መስፈር አበዛ፤ እርሻም ረግረጋማና ለም የሆኑትን ሸለቆዎች ያዘ።

ከሁሉም በላይ ግን ሽማግሌዎች የሚጠቅሱት የእሳትን መከልከል ነው።

እሳት

ቦረናዎች ግጦሻቸውን በእሳት የማደስ ልማድ ነበራቸው። በቦና መጨረሻ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ያረጀውና ከብት የማይነካው ሣር ይቃጠላል። እሳቱ መዥገር ይገድላል፤ አመዱ ላይ ለስላሳ ሣር ይበቅላል፤ የግራር ችግኞችም ሳያድጉ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት የግጦሽ ቃጠሎን ከለከለ። ክልከላው በመላ ሀገሪቱ ደንን ለመጠበቅ ከነበረው ፍላጎት የመጣ ነው፤ ለጥድ ደን ትክክል የሆነው ሕግ ለሣር ሜዳም እንዳለ ተሠራበት። በቦረና ላይ በተመራማሪዎች፣ ከእነዚህም መካከል በጉፉ ኦባና በአያና አንጋሳ የተሠሩ ጥናቶች አርብቶ አደሮቹ ለቁጥቋጦው መስፋፋት ክልከላውን እንደ ዋና ምክንያት እንደሚቆጥሩት ያሳያሉ።

ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ በቁጥጥር ሥር የሚደረግ ቃጠሎ በቦረና እንደገና ተሞክሯል። ሙከራው አንድ አስቸጋሪ ነገር አጋጠመው፤ እሳት እንዲራመድ የሚያስፈልገው ደረቅ ሣር ነው፤ ቁጥቋጦው በበዛበት ግን ሣር የለም። በአፍሪካ የሳቫና ሜዳዎች ልምድ በሄክታር ሁለት ቶን ገደማ ደረቅ ሣር ከሌለ እሳቱ እየተቆራረጠ ይጠፋል፤ ያደገ ቁጥቋጦ ለመጉዳት ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማቃጠል የሚፈልግ መንደር መጀመሪያ መሬቱን ለአንድ ወይም ለሁለት የዝናብ ወቅት መዝጋት፣ ሣሩንም ሳያስግጥ ማቆየት አለበት። ይህ ማለት በበጋ ጥጃው እየተራበ ሣር ለእሳት መተው ነው። በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ምክር መንደር ላይ ሲደርስ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ካሎ ያለው መንደር ግን ቢያንስ የመዝጋቱን ልማድ ያውቀዋል።

ቃጠሎው ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዙሪያው ያለ ሣር በሰፊው ተመንጥሮ የእሳት መከላከያ መስመር ይወጣል፤ ነፋስ በማይበረታበት ሰዓት ይለኮሳል፤ ሰው በየአቅጣጫው ይቆማል። በአሬሮ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ከተቃጠለ በኋላ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የሞተው ሞተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የደረሰው ከፍተኛ ቃጠሎ ባለሥልጣናት በማንኛውም ጭስ ላይ የሚያሳዩትን ፍርሃት ያጠናከረ ሲሆን ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ቢሆንም በደኑ ጫፍ ያለውን ጥድና በሜዳው መካከል ያለውን ፉሌንሳ በአንድ ሕግ ማስተዳደር ለሁለቱም አልጠቀመም።

የተቃጠለ መሬት ወዲያው አይጋጥም። ከዝናቡ በኋላ የሚወጣው ለምለም ሣር የአካባቢውን ከብትና የዱር እንስሳ ሁሉ ስለሚስብ ካልተጠበቀ ከቀድሞው የባሰ ይራቆታል።

መቁረጥና መንቀል

እሳት በማይቻልበት ቦታ የሚቀረው መጥረቢያ፣ ገጀራና ዶማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚካሄደው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የማኅበረሰብ ሥራ ውስጥ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ቁጥቋጦ ምንጣሮ አንዱ ተግባር ሆኗል።

አብዛኛው የቦረና ግራር ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አንድ ግንድ የነበረው በዓመቱ አምስትና ስድስት ቀጫጭን ግንድ ይዞ ይነሣል፤ እሾሁም ከአሮጌው ይበዛል። መቁረጥን ብቻ እንደ መጨረሻ ሥራ የቆጠረ ሰው ጥሻውን አጠጋግቶታል ማለት ነው። የሚሠራው ጉቶውን ዝቅ አድርጎ ከመሬት በታች፣ ሥሩና ግንዱ ከሚገናኙበት አንገት በዶማ ማውጣት ነው። ይህ ካልተቻለ ቀንበጡ ገና ለጋ ሳለ ፍየልና ግመል ደጋግመው እንዲበሉት ይደረጋል፤ ወይም በሚቀጥለው ዓመት በእጅ ይሰበራል። ዛፉ በሥሩ ያለውን ስንቅ እስኪጨርስ ድረስ መደጋገም ግድ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ሄክታር አንድ ጊዜ ከመመንጠር አምስት ሄክታር ለሦስት ዓመት መከታተል ይሻላል፤ ለሪፖርት ግን የሚያምረው የመጀመሪያው ነው።

ሁሉንም መቁረጥም ስሕተት ነው። ትልልቅ ደዳቻዎች ይተዋሉ፤ ጥላቸው ለጥጃ ማረፊያ ነው፤ ሥራቸው አጠገብ ያለው አፈር ለም ስለሆነ ሣሩ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ፍሬያቸው በበጋ ገንቢ መኖ ነው። የተቆረጠው እሾህ ከአጥር የተረፈው በተራቆተው መሬት ላይ ይበተናል። እሾሁ የሣር ዘርና አፈር ይይዛል፤ የሚበቅለውንም ሣር ከከብት አፍ ይጠብቃል። ከሰል አክስሎ በያቤሎና በሞያሌ መንገድ ላይ መሸጥም ለመንጣሪው ገቢ ነው፤ ግን ከሰል ነጋዴ የሚመርጠው ወፍራሙን ግንድ ነው፤ ቁጥጥር ከሌለ የሚቆረጠው መቆረጥ የሌለበት ደዳቻ ሆኖ ቀጫጭኑ ሰጳንሳ ይቀራል።

የሣሩ ሥር ጨርሶ በጠፋበት መሬት ዘር መጣል ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመረጠው መታ ጉዴሳ ነው። አዲስ የተሰበሰበ ዘሩ ወዲያው አይበቅልም፤ በደረቅ ቦታ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሲቀመጥ የመብቀል አቅሙ ይጨምራል። ዘሩ ጠልቆ መቀበር የለበትም፤ የላዩ አፈር በዶማ ተጫጭሮ ከዝናቡ ጥቂት ቀደም ብሎ ይበተናል።

ፓርቴኒየም

ፓርቴኒየም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መጤ አረም ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መታየት የጀመረ ሲሆን ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ እንዳልቀረ ይገመታል። በወሎ በኩል «ቅንጨ አረም» ይባላል፤ በሐረርጌ የተሰጠው የኦሮምኛ ስም «ፈረምሲሳ» ሲሆን ገበሬውን መሬቱን ለቆ እንዲሄድ የሚያስፈርም እንደማለት ነው።

ወደ ቦረና የገባው በመንገድ ዳርና በከተሞች ዙሪያ ነው፤ የጭነት መኪና ጎማ፣ የአሸዋ ጭነትና የመንገድ ሥራ አፈር ዘሩን ያጓጉዛሉ። አንድ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ያብባል። የበላችው ላም ወተት ይመራል። በሚነቅሉት ሰዎች ላይ ደግሞ የቆዳ ማሳከክና እንደ አስም ያለ የመተንፈስ ችግር ያስከትላል፤ ስለዚህ እጅን ሸፍኖ መንቀል ያስፈልጋል። ካሎ ውስጥ አንድ ተክል ሲታይ በዚያው ቀን ነቅሎ ማቃጠል ከሁሉም ርካሽ ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ (ዛይጎግራማ) ተፈትሾ በአንዳንድ አካባቢዎች ተለቅቋል፤ ጥንዚዛው የሚቀንሰው እንጂ የሚያጠፋው አይደለም።

ድርቆሽ

ሣር ሲያረጅ ይበዛል፤ ጥቅሙ ግን ይቀንሳል። በለጋነቱ ከአሥር በመቶ በላይ የነበረው የፕሮቲን መጠን በበጋ ከሰባት በመቶ በታች ይወርዳል። ሰባት በመቶ ወሳኝ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ሲያንስ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ረቂቅ ሕዋሳት በቂ ምግብ ስለማያገኙ ከብቱ ሆዱ ሞልቶም ይከሳል። ስለዚህ የካሎውን የተወሰነ ክፍል ማበብ ሲጀምር አጭዶ በጥላ ማድረቅና ድርቆሽ ማድረግ ይመከራል። በቦረና ለጥጃ ድርቆሽ ማዘጋጀት በተለይ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከልና በልማት ድርጅቶች ሥራ ተዋውቋል። ችግሩ የገና ሣር የሚደርሰው ዝናቡ ገና ሳያቆም መሆኑ ነው፤ ያልደረቀ ሣር ከተከመረ ይሻግታል።

በደጋው የሣሩን የፕሮቲን ጉድለት የሚሞላው ማገጥ ነው። ኢትዮጵያ በማገጥ (ትራይፎሊየም) ዝርያዎች ሀብታም ስትሆን ብዙዎቹ በክረምት ረግረግ ሜዳ ላይ በገዛ እጃቸው ይበቅላሉ። ማገጥ ግን ቅዝቃዜና እርጥበት ይፈልጋል፤ በአሬሮ ሙቀት አይቆይም። በቆላው ያንን ቦታ የሚይዙት የግራር ፍሬና ቅጠል ናቸው። ላብላብና የቆላ አደንጓሬም በመንደር አቅራቢያ በትንንሽ ቦታ ሊዘሩ ይችላሉ።

የግል ካሎ

ካሎ በልማዱ የጋራ ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን አቅም ያላቸው ሰዎች ሰፋፊ መሬት ለግላቸው ማጠር ጀመሩ፤ አንዳንዱም «ካሎ ነው» ተብሎ ከታጠረ በኋላ ታርሶ በቆሎ ተዘራበት። ግራ የሚያጋባው ነገር የግሉ ካሎ ብዙውን ጊዜ ከጋራው የተሻለ ሣር መያዙ ነው፤ ባለቤቱ ስለሚከታተለው አረሙ ይነቀላል፤ ቁጥቋጦውም ይቆረጣል። ነገር ግን ውጤቱ መታየት ያለበት ከአጥሩ ውጭ ነው። በአጥሩ የተገፉት ከብቶች በቀረው መሬት ላይ ይጨመራሉ፤ የጋራው ሜዳ ይበልጥ ይራቆታል፤ የባለቤቱም ከብት ዝናብ ሲሆን በጋራው፣ በጋ ሲሆን በግሉ ይበላል። ይህን በመቃወም ሽማግሌዎች በተለያዩ ጊዜያት የግል አጥሮች እንዲፈርሱ ወስነዋል፤ የውሳኔዎቹ አፈጻጸም ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የሊበን ሜዳ

ከነጌሌ ቦረና ወጣ ብሎ ያለው የሊበን ሜዳ ለካሎ ያልተለመደ ዓይነት ማስረጃ የተገኘበት ነው። እዚህ የምትኖር የሊበን ላርክ የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ የታወቀች ሲሆን በ1975 ስም ተሰጣት። ጎጆዋን የምትሠራው በመሬት ላይ፣ በሣር መካከል ነው። ሜዳው በከፊል ሲታረስ፣ በከፊል በቁጥቋጦ ሲያዝ፣ የቀረውም እስከ አፈሩ ሲጋጥ የወፏ ቁጥር አሽቆለቆለ። በ2009 የወጣ ጥናት ወፏ በአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ የጠፋች የወፍ ዝርያ ልትሆን እንደምትችል አስጠነቀቀ።

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና አጋሮቹ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲመክሩ የተመረጠው መፍትሔ አዲስ ፓርክ መከለል ሳይሆን የጋራ ካሎ ማጠርና ቁጥቋጦ መመንጠር ነበር። አርብቶ አደሩ ሣሩን ለጥጃው ይፈልገዋል፤ ወፏም ለጎጆዋ። በክልሎቹ ውስጥ ሣሩ ሲመለስ ላርኳም ተመልሳ ታይታባቸዋለች። ከሣር ይልቅ ለአንዲት ወፍ የሚመጣ ገንዘብ መቅደሙ ለአንዳንዱ አንባቢ ሊያስገርም ይችላል።

ከሰማይ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያና በዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ትብብር በመረጃ ጠቋሚ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድን ተጀመረ። አሠራሩ ከብት መሞቱን አይቆጥርም፤ ሳተላይት የአካባቢውን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ክፍያ ይፈጸማል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሳተላይቱ የሚያነበው አረንጓዴነትን ነው። ከላይ ሲታይ የሰጳንሳ ጥሻ ቅጠልም አረንጓዴ ነው፤ ሣር የሌለበት ጥሻ ለላም መኖ ባይሆንም በምስሉ ላይ ልምላሜ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ቁጥቋጦው የሚጎዳው ግጦሹን ብቻ ሳይሆን ስለ ግጦሹ የሚሰበሰበውንም መረጃ ነው።

ካሎና ድርቅ

ካሎ የተሠራው ለአንድ በጋ ነው። አንድ የዝናብ ወቅት ሲቀር ያለፈው ሣር ጥጆቹን ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት ያቆያቸዋል፤ ሁለት ሲቀር ግን ባዶ ይሆናል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀሩ። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ። ካሎዎቹ ቀደም ብለው ተከፍተው ተጋጡ፤ ብዙ ቦታ አጥሩ ራሱ ለማገዶ ዋለ፤ የሚበላው ጭድና ድርቆሽ በጭነት መኪና ከሩቅ መጣ።

በ2023 የገና ዝናብ መጣ፤ በአንዳንድ ቦታ ጎርፍ እስከማስከተል ደረሰ። ሥሩ ያልሞተው ሣር አቆጠቆጠ፤ የግራሩም ችግኝ አብሮት በቀለ። አጥሮች እንደገና መታጠር ጀመሩ። በብዙ ቤት ግን ወደ ካሎው የሚገባ ጥጃ አልነበረም።